የሆስፒታል ሒሳብና የልጅ ዜግነት፦ በሊባኖስ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያት ጉዳይ

(ለምክር ቤት አባላት ረዳቶችና ለመብት ተሟጋቾች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ታርሟል።)



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ አገር ብቻ ነው፤ ስለ ሊባኖስ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ስለሚሠሩ እህቶቻችን ብዙ ተብሏል፣ ብዙም ተጽፏል። ሊባኖስ ግን ጦርነት የተፈራረቀባት፣ ገንዘቧ የወደቀባት፣ መንግሥቷም በውጭ ርዳታ የሚደገፍ አገር ስለሆነች ጥያቄው በሌላ መልክ ይነሣል። ከዚያ ርዳታ ከፊሉ የሚወጣው እናንተ በምታገለግሏቸው ምክር ቤቶች ከሚጸድቅ በጀት ነው። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ፤ የኢትዮጵያን ሕጎች ስጠቅስ ግን ወደ ራሳችን አቆጣጠር እመለሳለሁ።

የምከራከርበት ነጥብ አንድ ነው። በእናንተ ቢሮዎች ሕክምናና ዜግነት ሁለት የተለያዩ መዝገቦች ናቸው፤ አንዱ ለጤና ጉዳይ ኮሚቴ፣ ሌላው ለፍልሰት ጉዳይ ኮሚቴ ይመራል። ቤይሩት ውስጥ ለምትወልድ ኢትዮጵያዊት የቤት ሠራተኛ ግን ሁለቱ የሚገናኙት በአንድ መስኮት ነው። መስኮቱም የሆስፒታሉ ሒሳብ ክፍል ነው።

አስቀድሜ ሕጉን ላስረዳ። የሊባኖስ የሥራ ሕግ የወጣው ሴፕቴምበር 23 ቀን 1946 ነው። ሰባተኛው አንቀጽ በግለሰብ ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ጥበቃ ውጭ ያደርጋል። (ከ78 ዓመት በኋላ በዚያው ዕለት፣ ሴፕቴምበር 23 ቀን 2024፣ በደቡብ ሊባኖስና በበቃ ሸለቆ ላይ ከባዱ የአየር ድብደባ ተጀመረ። የቀኖቹ መገጣጠም ድንገተኛ ነው። በዚያ ሰሞን ከመጠለያ በር የተመለሱት ሴቶች ዕጣ ግን ከሕጉ የመነጨ እንጂ ድንገተኛ አልነበረም።) የሥራ ሕጉ ያልተቀበላትን ሠራተኛ የሚቀበላት ካፋላ ነው። መኖሪያ ፈቃዷ፣ ማለትም ኢቃማዋ፣ ከአንድ አሠሪ ስም ጋር ይታሰራል፤ ያ ሰው ካፊሏ ነው። ከዚያ ቤት ያለ ካፊሏ ፈቃድ ከወጣች፣ ደመወዝ ተከልክላም ይሁን ተደብድባ፣ የውጭ አገር ሰዎችን አገባብና አቀማመጥ በሚወስነው የ1962 ሕግ ፊት ጥፋተኛ ትሆናለች። በ2020 የሥራ ሚኒስቴር ይህን እስራት በመጠኑ የሚያላላ አዲስ ወጥ የሥራ ውል አውጥቶ ነበር። የሠራተኛ አስመጪ ቢሮዎች ማኅበር አቤቱታ አቀረበና የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ውሉን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አገደው።

ሕክምናውም የቆመው በዚሁ መሠረት ላይ ነው። ብሔራዊው የማኅበራዊ ዋስትና ድርጅት የቤት ሠራተኞችን አይሸፍንም። ኢንሹራንስ የሌለው ሊባኖሳዊ ሆስፒታል ሲተኛ የጤና ሚኒስቴር ወጪውን ይጋራለታል፤ የውጭ አገር ሠራተኛ ግን በዚህ አትካተትም። የቀረላት አሠሪዋ የሥራ ፈቃዷን ለማውጣት ሲል እንዲገዛላት የሚገደደው የግል ኢንሹራንስ ነው። ይህ ኢንሹራንስ ሆስፒታል መተኛትንና የሥራ ላይ አደጋን፣ ከሞተችም አስከሬኗን ወደ አገሯ መላክን ይይዛል። የተመላላሽ ሕክምናን በአብዛኛው አይሸፍንም፤ ወሊድንም እንዲሁ። ሬሳዋን የሚያሳፍር ወረቀት ምጧን አይመለከትም ማለት ነው። ይህም ቢሆን የሚሠራው ከአሠሪዋ ጋር እስካለች ድረስ ብቻ ነው። ከቤት የወጣችው ሴት ኢቃማዋንና ኢንሹራንሷን በአንድ ቀን ታጣለች። በቤት ኪራይ ተዳብላ፣ በሰዓት እያጸዳች የምትኖረው፣ ፍቅረኛ የምትይዘው፣ የምትወልደውም በአብዛኛው ይህችው ናት።

በ2019 መጨረሻ የጀመረው የገንዘብ ቀውስ ይህን ሁሉ አባባሰው። አንድ ዶላር ለብዙ ዓመታት በ1,507 ተኩል የሊባኖስ ፓውንድ ሲመነዘር ቆይቶ በ2024 እስከ 89,500 ደረሰ። የግል ሆስፒታሎች ዶላር በጥሬው መጠየቅ ጀመሩ። ደመወዟን በፓውንድ የምትቀበል ወይም ጭራሹን የማትቀበል ሠራተኛ የመያዣ ገንዘብ ከየት ታምጣ? በጁን 2020 አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን በመኪና እያመጡ በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ላይ ከነሻንጣቸው ሲጥሏቸው ዓለም በምስል አይቷል።

እውነቱን ለመናገር ሕክምና ጨርሶ የለም አልልም። የጤና ሚኒስቴር መረብ ውስጥ ያሉ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ጣቢያዎች የውጭ አገር ሰዎችንም በአነስተኛ ክፍያ ያያሉ፤ ድንበር የለሽ ሐኪሞችም በቡርጅ ሐሙድ ሠፈር ለስደተኛ ሠራተኞች በነፃ ሲያክሙ ቆይተዋል። የእርግዝና ክትትል ይገኛል። ችግሩ የሚመጣው ምጡ ሲመጣ ነው፤ በጤና ጣቢያ ቀዶ ጥገና አይደረግም፣ ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን የሚተኛበት ማሞቂያ ክፍልም የለም።

አሁን ወደ ዜግነቱ ልምጣ። የሊባኖስ ዜግነት ዛሬም የሚመራው በፈረንሳይ ሞግዚትነት ዘመን፣ ጃኑዋሪ 19 ቀን 1925 በወጣው ውሳኔ ቁጥር 15 ነው። የመጀመሪያው አንቀጽ ሊባኖሳዊ የሚሆኑትን ሦስት ወገኖች ይዘረዝራል፦ ከሊባኖሳዊ አባት የተወለደ፤ በሊባኖስ ምድር ተወልዶ በትውልድ የሌላ አገር ዜግነት ማግኘቱ ያልተረጋገጠ፤ እንዲሁም በሊባኖስ ተወልዶ ወላጆቹ ወይም የወላጆቹ ዜግነት የማይታወቅ። ሊባኖሳዊት እናት እንኳ ከውጭ አገር ባሏ ለወለደችው ልጅ ዜግነቷን አታወርስም፤ የአገሪቱ ሴቶች ለዓመታት ሰልፍ የሚወጡበት ጉዳይ ነው። የሃይማኖት ወገኖች የሥልጣን ሚዛን ይናጋል የሚለው ፍርሃት እጅግ ሥር የሰደደ ነው፤ አገሪቱ ከ1932 ወዲህ ይፋዊ የሕዝብ ቆጠራ አላደረገችም።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ ሦስተኛውን ወገን እንድትመለከቱ እለምናለሁ። በሕጉ ፊደል ከሄድን፣ እናቱ በሆስፒታል ደጅ ጥላው የጠፋች ሕፃን ወላጆቹ ስለማይታወቁ ሊባኖሳዊ ነው። እናቱ አቅፋው የቀረች ሕፃን ግን አይደለም። ይህን የምለው ሕጉ በክፋት የተጻፈ ነው ለማለት አይደለም፤ የተጣሉ ሕፃናትን የሚታደግ ድንጋጌ በብዙ አገሮች አለ፣ በኢትዮጵያም አለ። ነገር ግን ምንም የሌላት እናት ከዚህ ሕግ የምታነበውን ትርጉም ማሰብ አያዳግትም።

አባቱ ሊባኖሳዊ የሆነ ልጅ አባቱ ከተቀበለው ይድናል፤ ያለ ጋብቻ የተወለደን ልጅ ለመቀበል የሚደፍር አባት ግን ጥቂት ነው። አባቱ ሱዳናዊ ወይም ሶርያዊ ሲሆንና እሱም መኖሪያ ፈቃድ ሲያጣ የአባትየው መንገድ ይዘጋል፤ ጋብቻው በይፋ ስላልተመዘገበ የአባትነት ማስረጃ የለም። የሚቀረው የእናት መንገድ ነው። የእናት መንገድ ደግሞ፣ ክቡራን፣ ክፍት ነው።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 6 እና የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 አንቀጽ 3 ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው በትውልድ ኢትዮጵያዊ ነው ይላሉ። በእናት ወይም በአባት ሳይለዩ፣ በአገር ውስጥ ወይም በውጭ መወለድን ሳይለዩ። በ1922 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የዜግነት ሕጋችን ሳይቀር በመርሕ ደረጃ እናትን ከአባት ጋር አብሮ ጠርቷል። በዚህ ረገድ የእኛ ሕግ ከሊባኖሱ የተሻለ ነውና ልንኮራበት ይገባል። ስለዚህም ብዙ ጊዜ በጓደኞቻችን ጽሑፎች ውስጥ የማነበውን «አገር አልባ ሕፃናት» የሚለውን አጠራር አልደግፍም። ቃሉ ስሜት ይነካል፤ በፖሊሲ ረገድ ግን ይጎዳናል። እነዚህ ሕፃናት አገር አላቸው፤ አገራቸው ኢትዮጵያ ናት። አገር አልባ ናቸው ባልን ቁጥር የኢትዮጵያን መንግሥት ከግዴታው ነፃ እናወጣለን፣ ሊባኖስንም ፈጽሞ የማትሰጠውን ነገር እንጠይቃለን። የጎደላቸው አገር ሳይሆን ወረቀት ነው።

ወረቀቱ የት አለ? የሊባኖስ ሥርዓት እንዲህ ነው። የወለደችበት ሆስፒታል ሐኪም ወይም አዋላጅ የወሊድ ማስታወቂያ ይጽፋል። ያንን ይዛ ወደ ሠፈሩ ሙኽታር ትሄዳለች፤ ሙኽታሩ የልደት ሰነዱን ያዘጋጅላታል። ከዚያ የውጭ አገር ሰዎች መዝገብ ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም። ይህ ሁሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ካላለቀ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ጠበቃ ይጠይቃል፣ ገንዘብ ይጠይቃል። በየጽሕፈት ቤቱ «ኢቃማሽን አምጪ» የሚል ሰው ይጠብቃታል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ያቺ የመጀመሪያዋ ወረቀት አለች። ሒሳቧን ያልከፈለች እናት የወሊድ ማስታወቂያ እንደ መያዣ የሚቀርባት መሆኑ በሶርያውያን ስደተኞችም በስደተኛ ሠራተኞችም ላይ ተደጋግሞ የተመዘገበ ልማድ ነው።

በስልክ በማስተረጎም ካገዝኳቸው ጉዳዮች አንዱን ላንሣ፤ የእህታችንንም የሆስፒታሉንም ስም አልጠራም። ምጧ ያለ ጊዜው መጣ። መያዣውን የከፈሉላት አብረዋት የሚኖሩት ልጆች በእቁባቸው ገንዘብ ነው፤ የዚያን ወር ባለ ዕጣ ተራዋን ለቀቀችላት። ሕፃኑ ዘጠኝ ቀን በማሞቂያ ክፍል ቆየ። ሒሳቡ ከመያዣው ብዙ እጥፍ ሆነ። ልጁን ሰጧት፤ ወረቀቱን አልሰጧትም። እሷ ግን የምትፈልገው ዋናውን አግኝታ ስለመሰላት «ዋናው ልጁ ነው» ብላ ሄደች። ከወራት በኋላ ቦምቡ ሲቀርብ ወደ አገሯ ልመለስ ብላ ስትነሣ፣ ለእሷ የጉዞ ሰነድ ሊሴ ፓሴ እንደሚሰጣት፣ ለልጁ ግን የልደት ማስረጃ እንደሚያስፈልግ ተነገራት። ማስረጃውን ፍለጋ ሆስፒታል ተመለሰች። የሒሳብ ክፍሉ ሠራተኛ ጨዋ ሰው ነበር፤ ያዘነላትም ይመስለኛል፤ በድምፁ ይታወቃል። «ቁጥሩን እኔ ማጥፋት አልችልም» አላት። እኔም ያንን ወደ አማርኛ መለስኩላት። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ መስመሩ ላይ የሚሰማ ድምፅ አልነበረም።

እሷ ከዚያ አገር የወጣችው አንድ በጎ አድራጊ ሒሳቡን ስለከፈለላት ነው። በልመና የሚፈታ ነገር ፖሊሲ አይባልም፤ ስለዚህ ወደ ጦርነቱ ወራት ልለፍ።

በ2024 መጸው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ተፈናቀለ። መንግሥት ትምህርት ቤቶችን መጠለያ አድርጎ ከፈተ፤ በብዙዎቹ በር ላይ ግን ቅድሚያው ለሊባኖሳውያን ነው ተብለው ስደተኛ ሠራተኞች ተመለሱ። በዚያን ወቅት ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት በአገሪቱ ወደ 170 ሺህ የሚጠጉ ስደተኛ ሠራተኞች እንዳሉ፣ አብዛኞቹም ሴቶች እንደሆኑና ከኢትዮጵያ የመጡት በመጀመሪያ እንደሚጠሩ ገልጾ፣ አሠሪዎቻቸው ቤት ቆልፈውባቸው ወይም በመንገድ ጥለዋቸው እንደሸሹ የሚናገሩ ሪፖርቶች እንደደረሱት አስታውቆ ነበር። በቤይሩት የኢየሱሳውያን የቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን በሩን ከፈተላቸው፤ የማኅበረሰብ ቡድኖችም፣ አብዛኞቹ በራሳቸው በሠራተኞቹ የተቋቋሙ፣ ቤት ተከራይተው አስጠለሏቸው። ተኩስ አቁሙ ኖቬምበር 27 ሲጀመር የተፈናቀሉት ሊባኖሳውያን ወደ መንደራቸው መመለስ ጀመሩ። የእኛዎቹ የሚመለሱበት መንደር አልነበራቸውም።

በጦርነት ጊዜ አገር ለቅቆ መውጣትም ሕግ አለው። ኢቃማዋ ያለፈባት ሴት የኢሚግሬሽኑን ሥራ ከያዘው ከአጠቃላይ ደኅንነት መሥሪያ ቤት የመውጫ ፈቃድ ያስፈልጋታል፤ የተጠራቀመ ቅጣትም ሊጠብቃት ይችላል። ልጅ ካላት ልጁም በዚያው መዝገብ መታየት አለበት። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2014 እንዳጋለጠው፣ በአገሪቱ ለዓመታት የኖሩ ዝቅተኛ ተከፋይ ስደተኞች የልጆቻቸው መኖሪያ ፈቃድ እየተከለከለ አንዳንዶቹም እንዲወጡ ታዝዘው ነበር። መውለድ ራሱ ፈቃድን የሚያሳጣ ነገር መሆኑን ሴቶቹ ያውቃሉ። ያንን የምታውቅ ሴት ሆስፒታል ከመሄድ ቤት ውስጥ መውለድን ብትመርጥ ማን ይፈርድባታል?

እንግዲህ ምን እንጠይቅ? በመጀመሪያ የራሳችንን መንግሥት። ይህን በዳያስፖራ መድረክ መናገር ለአንዳንዱ ደስ እንደማይል አውቃለሁ፤ ሆኖም ቁልፉ ያለው እዚያ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ልደት ኤምባሲዎችና ቆንስላዎች እንዲመዘግቡ ሥልጣን ይሰጣል፤ የልደት ምዝገባ ጊዜውም 90 ቀን ነው። ሥልጣኑ አለ። የሚያስፈልገው የአሠራር መመሪያ ነው፦ የሆስፒታሉ ወረቀት ሲታገድ የአዋላጅ ወይም የክሊኒክ ማስረጃ፣ የክትባት ካርድ፣ የእናትየው ቃለ መሐላና የሁለት ምስክሮች ቃል እንደ በቂ ማስረጃ እንዲቆጠር፤ መዘግየት ቅጣት እንዳያስከትል፤ የእናት ስም ብቻውን በቂ እንዲሆን።

ሴቶቹ ቆንስላ የማይቀርቡበት አንዱ ምክንያትም የራሳችን ፖሊሲ ነው። ወደ ሊባኖስ ለሥራ መጓዝ ከ2008 ጀምሮ ታግዶ ነበር፤ በ2013ም ሰፊው እገዳ መጣ። ጉዞው ግን አልቆመም፤ በሦስተኛ አገር በኩል ሆነ። ያልተመዘገበ ውል ይዞ የመጣ ሰው «በማን ፈቃድ መጣሽ?» መባልን ይፈራል። ኢትዮጵያ ይህን ማድረግ አትችልም የሚለኝ ካለ፣ ከ2017 ጀምሮ በምድሯ ለተጠለሉ ስደተኞች ልጆች የልደት ምዝገባን የከፈተችው ይህችው ኢትዮጵያ መሆኗን አስታውሰዋለሁ። ለደቡብ ሱዳናዊው ሕፃን በጋምቤላ የሰጠነውን ለልጃችን በቤይሩት መከልከል አንችልም።

ከሊባኖስ መንግሥት የምንጠይቀው ዜግነት አይደለም። ይህን በግልጽ መናገር ያሻል፤ ጥያቄያችን ወደ ዜግነት የተጠጋ በመሰለ ቁጥር ከቆጠራውና ከሥልጣን ሚዛኑ ፍርሃት ጋር ይላተማልና። የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንዱ የወሊድ ማስታወቂያ በማናቸውም ሁኔታ የሒሳብ መያዣ እንዳይሆን የጤና ሚኒስቴር ለሆስፒታሎች ሁሉ ሰርኩላር እንዲያወርድ ነው። ሁለተኛው አስቀድሞ የተሠራ ነገር ነው፦ በ2018 ሊባኖስ ከ2011 ወዲህ በምድሯ ለተወለዱ ሶርያውያን ሕፃናት የአንድ ዓመቱን ገደብ አንሥታ ያለ ፍርድ ቤት እንዲመዘገቡ ፈቅዳለች። ያን ያደረገችው ሶርያውያኑ ወደ አገራቸው ሊመለሱ የሚችሉት ወረቀት ሲኖራቸው እንደሆነ ስለገባት ነው። የኢትዮጵያዊቷ ልጅ ጉዳይ በዚያው ምክንያት ይቆማል። ሊባኖስም ኢትዮጵያም በ1991 በገቡበት የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 7 ሕፃን እንደተወለደ ወዲያው ይመዝገብ የሚለውን ሁለቱም ተቀብለዋል፤ ሊባኖስ ጤናን እንደ መብት የሚደነግገውን የኤኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ቃል ኪዳንም በ1972 አጽድቃለች።

የቀረው የእናንተ ድርሻ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በሜይ 2024 ለሊባኖስ እስከ 2027 የሚዘልቅ የአንድ ቢሊዮን ዩሮ ድጋፍ አስታውቋል፤ ከዓላማዎቹ መካከል ጤናና መሠረታዊ አገልግሎት አሉ፣ ፍልሰትን መቆጣጠርም አለ። በአሜሪካ የምትሠሩትም የየዓመቱን የውጭ ርዳታ በጀት ስትመረምሩ ተመሳሳይ መስመሮች ታገኛላችሁ። ርዳታው እንዲቆም አልጠይቅም፤ ቢቆም ቀድመው የሚዘጉት የእኛዎቹ የሚታከሙባቸው ጤና ጣቢያዎች ናቸው። የምጠይቀው ገንዘቡ በሚገባባቸው ሆስፒታሎችና መጠለያዎች ውል ውስጥ ሁለት መስመር እንዲጨመር ነው፦ ተገልጋይ በዜግነቱ ወይም በመኖሪያ ፈቃዱ እንዳይመለስ፣ የወሊድ ማስታወቂያም በዕዳ እንዳይያዝ።

ለዚህ አዲስ ሕግ ማርቀቅ አያስፈልግም፤ የጽሑፍ ጥያቄ ማቅረብ ይበቃል። ጥያቄውን እንደሚከተለው አዘጋጅተነዋል፤ ቃሉን እንደፈቀዳችሁ አስተካክሉት። በእኛ የበጀት ድጋፍ ከሚንቀሳቀሱ የሊባኖስ ሆስፒታሎች ውስጥ ባለፉት ሁለት ዓመታት የወሊድ ማስታወቂያ ባልተከፈለ ሒሳብ ምክንያት የያዙ አሉ ወይ? ካሉ ስንት ናቸው? ውላቸውስ ይህን ይከለክላል? መልሱ «መረጃ የለንም» ከሆነ፣ ያንኑ መልስ በጽሑፍ አግኝታችሁ ለእኛም አካፍሉን፤ ቀጣዩን ጥያቄ የምናዘጋጀው በእሱ ላይ ተመሥርተን ነው።